የመንጌን ወርቅ አጣቢ ማን አነጋገራት?

“በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል” ይባላል። አባባሉ ዛሬ ከወርቁ ይልቅ ወርቁን ከመሬት ለሚያወጣው ሰው የተነገረ ይመስላል። በወርቅ ቤቶች ደጃፍ ማለዳ የሚሰማው ጥያቄ “ግራሙ ስንት ገባ?” የሚል ነው። “ማን አወጣው? እንዴትስ አወጣው?” የሚል ነጋዴ ግን ከስንት አንድ ነው። ይህን አለመጠየቅ ደግሞ የጨዋነት ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የገንዘብ ኪሣራም አለበት።

መንጌ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳ ዞን የምትገኝ የበርታዎች ወረዳ ናት። የአካባቢው ወርቅ አዲስ ወሬ አይደለም። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት አንዱ ምክንያቱ በዚህ ድንበር ያለው ወርቅ ነበር። ከዚያም በኋላ የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በወርቅ ገብረዋል። ቱርኩም ግብፁም አልፏል፤ ከወንዙ ዳር ጎንበስ ብላ አፈር የምታጥበው ሴት ግን ዛሬም አለች።

“ሥራሽ ምንድን ነው?” ቢሏት ምናልባት “አፈር አጥባለሁ” ትል ይሆናል። ነገሩ ግን ከዚያ በላይ ነው። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል፤ ተራው አሸዋ ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። አጣቢዋ ይህን ልዩነት የምታውቀው በእጅ አንጓዋ ነው። ገበቴውን እያሽከረከረች ቀላሉን ታፈሳለች፣ ብረት የተቀላቀለበትን ከባዱን ጥቁር አሸዋ ታስቀራለች፣ ከእሱ መሐል ብናኙን ትለያለች። የቱ መታጠፊያ ላይ ወንዙ ወርቅ ጥሎ እንደሚያልፍ፣ የቱ ጉድጓድ አደጋ እንዳለው ለማወቅ ዓመታት ይጠይቃል። ከተማ ውስጥ ቢሆን ለዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ዲፕሎማ ይሰጠው ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በ2016 በጀት ዓመት አገራችን ወደ ውጭ የላከችው ወርቅ 4 ቶን ገደማ ነበር። በ2017 ግን ከ30 ቶን በላይ ተልኮ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገባ። አብዛኛውም የባህላዊ አምራቾች ወርቅ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ መሬቱ አዲስ ወርቅ አላበቀለም። የዓለም ዋጋ መናሩ እንዳለ ሆኖ፣ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ በኮንትሮባንድ ይሾልክ የነበረው ወርቅ ወደ ባንክ ዞረ። አጣቢዋም ሆነች ሰብሳቢው ዋጋ ይገባቸዋል ማለት ነው፤ ዋጋው ሲስተካከል መንገዳቸውን ያስተካክላሉ።

ይሁንና የዋጋው ዜና ወንዙ ዳር ሲደርስ ሳስቶ ነው። የዓለም ገበያ የሚጠራው በአውንስ ነው፤ አንዱ አውንስ 31.1 ግራም ይመዝናል። አጣቢዋ የምትሸጠው ግን በግራምና ከግራም በታች ነው። ከዚያ ላይ የጥራት ጉዳይ ይመጣል። ንጹሑ ወርቅ 24 ካራት ስለሆነ፣ ገዢው በዓይን ገምቶ አንድ ካራት ብቻ ዝቅ ቢያደርግባት ከመቶ 4 ያህል ዋጋዋ ሄደ። ሚዛኑም ትንሽ ካጋደለ የዕለት ድካሟ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

“ታዲያ ደላላው ሌባ ነው?” የሚል ይኖራል። አይደለም። ጥሬ ገንዘብ ተሸክሞ ጥርጊያ መንገድ የሚያቋርጥ፣ ባንክ በሌለበት ባንክ የሆነ፣ በክፉ ቀን የሚያበድር እሱ ነው። ለድካሙ ትርፍ ይገባዋል። የማይገባው ትርፍ ሻጯ ባለማወቋ ብቻ የሚገኘው ነው። እንዲህ ያለው ትርፍ ደግሞ ዕድሜ የለውም፤ ነገ ሌላ ገዢ እውነተኛውን ዋጋ የነገራት ዕለት ደንበኛ ይሄዳል።

በርታዎች ዋዛ የሚሉት የትንፋሽ መሣሪያ አላቸው። ቅል ከቅል እየተሰካካ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አንዱ ዋዛ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ በመሆኑ ዜማው የሚሞላው ነፊዎቹ ተራቸውን ጠብቀው ሲቀባበሉ ነው። ክረምት ያረሰው ሰው በበጋ ወርቅ ሲቆፍር፣ በመከር ማግስት ዋዛ ሲነፋ ሊገኝ ይችላል። የወርቁም ንግድ እንዲሁ ነው። አጣቢዋ፣ ሰብሳቢው፣ አቅራቢው፣ ባንኩ አንድ አንድ ድምፅ ይዘዋል። የአንዱ ከታፈነ ዜማው ይሰበራል፤ በ2016 የታየው 4 ቶን ምን ሌላ ነበር?

ስለዚህ አሶሳ ለምትመላለሱ ነጋዴዎችና በማዕድን ለመሰማራት ለምታስቡ ባለሀብቶች የምንለው ብዙ አይደለም። የዕለቱን ዋጋ በግራም ለውጣችሁ፣ አጣቢዋ በምትሰማው ቋንቋ፣ በምትገዙበት ቦታ አስነግሩ። የተፈተሸ ሚዛንና የጥራት መለኪያ በፊቷ አስቀምጡ። ከሁሉ በፊት ግን ቁጭ ብላችሁ ሥራዋን ጠይቋት። የቱ ወንዝ እንደደከመ፣ የቱ ሸለቆ ተስፋ እንዳለው በአዲስ አበባ ቢሮ ከሚቀርብ ጥናት ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት።