የፀሐይ ማዕበል የእኛም ጉዳይ ነው

በግንቦት 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከአውሮፓ እስከ ሜክሲኮ ሌሊቱ በሐምራዊና በአረንጓዴ ብርሃን ደምቆ ታየ። ከ20 ዓመት ወዲህ ያልታየ ብርቱ የፀሐይ ማዕበል ምድርን መትቶ ነበር። የእኛ ሰማይ ግን እንደ ወትሮው ስለነበር ብዙዎቻችን ፎቶውን አድንቀን አለፍን። ማዕበሉን የሰሜኖች ጉዳይ ብቻ አድርገን እንቆጥረዋለን። እኔ ግን የፀሐይ ጠባይ ኢትዮጵያንም በራሱ መንገድ እንደሚነካ፣ ልናጠናውም እንደሚገባ እሞግታለሁ።

ፀሐይ ሁለት ጠባይ አላት። አንደኛው የእምብርቷ ነው። እዚያ ሙቀቱ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፤ የሃይድሮጂን ፕሮቶኖችም እየተጋጩ በደረጃ ወደ ሂሊየም ይዋሃዳሉ። በየሰከንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ያህል ሃይድሮጂን ወደ ውህደቱ ሲገባ፣ የሚወጣው ሂሊየም ከገባው በ4 ሚሊዮን ቶን ገደማ ያንሳል። የጎደለው ቁስ አንስታይን ባስቀመጠው ቀመር መሠረት ወደ ኃይል ይለወጣል።

ይበልጥ የሚገርመው የሥራው ዝግታ ነው። ፕሮቶኖች ተመሳሳይ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ተጋጭተው መዋሃድ የሚሳካላቸው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። አንድ ፕሮቶን ተራው እስኪደርሰው በአማካይ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት ይጠብቃል። ስለዚህ አንድ ኪዩቢክ ሜትር የእምብርቷ ክፍል የሚያመነጨው ኃይል ሦስት ባለ 100 ዋት አምፖል ቢያበራ ነው። ፀሐይን ኃያል ያደረጋት ግዝፈቷ ነው። ደግሞም ራሷን ትቆጣጠራለች፦ ውህደቱ ሲፈጥን እምብርቷ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ይቀዘቅዝና ውህደቱ ረገብ ይላል። ከ4 ቢሊዮን ተኩል ዓመታት በላይ ሳትፈነዳም ሳትከስምም የቆየችው በዚህ ሚዛን ነው።

ሁለተኛው ጠባይዋ የሚታየው በላይኛው አካሏ ነው። ፀሐይ ጠጣር ስላልሆነች ወገቧ በ25 ቀን ገደማ አንዴ ሲዞር፣ ዋልታዎቿ ከ30 ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል። ይህ ልዩነት መግነጢሳዊ መስኳን እየጎተተ ያጠማዝዘዋል። መስኩ በርትቶ ወደ ላይ ብቅ በሚልበት ቦታ ከታች የሚመጣው ሙቀት ስለሚታገድ፣ ከአካባቢው የቀዘቀዘ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። ጀርመናዊው ሃይንሪክ ሽዋብ ነጠብጣቦቹን ለዓመታት ከቆጠረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1843 ቁጥራቸው በዑደት እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ ዑደቱ 11 ዓመት ገደማ ነው። በዚህ ዑደት ውስጥ የፀሐይ አጠቃላይ ብርሃን የሚለዋወጠው በ0.1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የሚያሰጋው የብርሃኗ መጨመር ሳይሆን የመስኳ ፍንዳታ ነው።

የተጠማዘዘው መስክ ድንገት ሲፈታ በቢሊዮን ቶን የሚመዘን ፕላዝማ (ሙል ያላቸው ቅንጣቶች የያዘ ትኩስ ጋዝ) ወደ ጠፈር ይወረወራል። ምድርን ሲያገኝ መግነጢሳዊ መስኳን ያናውጣል፤ የሚናወጥ መስክ ደግሞ በረጅም ሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጥራል። እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1859 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን በፀሐይ ላይ ድንገተኛ ብልጭታ ተመለከተ። አንድ ቀን ሳይሞላ የቴሌግራፍ መስመሮች ታወኩ፤ አንዳንዶቹም ከባትሪ ተለያይተው በሰማይ ጅረት ብቻ መልእክት አስተላለፉ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1989 ደግሞ የካናዳዋ ኬቤክ የኃይል መረብ በ90 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ወደቀ፤ 6 ሚሊዮን ሕዝብ ለ9 ሰዓት ያህል በጨለማ ቆየ።

የእኛ ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ምድር መግነጢሳዊ ወገብ አላት፤ መስኩ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም የሚጓዝበት መስመር ነው። ይህ መስመር ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ከላያችን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ማዕበል ሲመጣ ይህም ጅረት ይናወጣል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ በአዮኖስፌር (ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ባሉበት የላይኛው ከባቢ አየር) ውስጥ የሳሱ የፕላዝማ ክፍሎች ወደ ላይ ይወጣሉ። የጂፒኤስ ሞገድ በእነሱ መካከል ሲያልፍ ይርገበገባል፤ መቀበያውም አንዳንዴ ሳተላይቱን ይስታል። ይህ እንዲሆን የግድ ማዕበል አያስፈልግም፤ ማዕበል ቢመጣም አንዳንዴ ያባብሰዋል፣ አንዳንዴ ያዳክመዋል። ለዚህ ነው ለዋልታ አካባቢ የሚሠራ ትንበያ ለእኛ የማይበቃው።

ከዚህ የቀረቡ ችግሮች እያሉን ስለ ፀሐይ ማሰብ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ይኖራል። በእርግጥ መብራት የሚጠፋብን በአብዛኛው በሌላ ምክንያት ነው፤ በመስመሮች ላይ ያለው አደጋም ከካናዳው ያነሰ ነው። ነገር ግን ከሕዳሴ ግድብ 500 ኪሎ ቮልት የሚሸከሙ መስመሮች ተዘርግተዋል፤ የመሬት ልኬታም አቪዬሽንም በሳተላይት ላይ እየተደገፉ ነው። ትራንስፎርመር ሲገዛ ወይም የልኬታ ደንብ ሲወጣ ይህን ማሰብ ወጪው ትንሽ ነው፤ ሁሉም ከተተከለ በኋላ መጠገን ግን ውድ ነው።

መነሻ ደግሞ አለን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ መለካት ከጀመረ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የላይኛውን ከባቢ አየር የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ። የሚቀረው መለኪያዎቹ ሳይቋረጡ እንዲሠሩ በጀት መመደብ፣ ውጤቱም በየዕለቱ ለኃይል፣ ለአቪዬሽንና ለቅየሳ ባለሙያዎች እንዲደርስ ማድረግ ነው። በመግነጢሳዊ ወገብ ላይ የሚገኙ አገሮች ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱ አንዷ ሆነን ሰማያችንን ሌሎች እንዲያነቡልን መጠበቅ አይገባንም።