«ሜዳችን» ሊሎንግዌ ሲሆን

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩይት በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ተጥለቀለቀች። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን ገጠመች። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ሲወጣ ደጋፊው ቩቩዜላውን ሜዳ ላይ ወረወረ፤ ጨዋታውም ተቋረጠ። ይህ ጥፋት ነው፣ ማንም ሊደግፈው አይገባም። ነገር ግን በ10 ተጫዋች የቀረውንና 1 ለ 0 የተመራውን ቡድን፣ አዳነ ግርማ አቻ እስኪያደርገው ድረስ ያልተለየውም ይኸው ደጋፊ ነበር።

በዚያ ስብስብ ውስጥ የጋምቤላው ልጅ ኡመድ ኡክሪ ነበረበት። ሌላው የጋምቤላ ልጅ ጋቶች ፓኖም በ2009 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ሩሲያው አንዚ ማካችካላ ተሻገረ። ባሮ ወንዝ ዳር ኳስ የሚያንከባልል ታዳጊ አርአያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ጨዋታቸውን በዓይኑ ማየት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ድሮም ከጋምቤላ አዲስ አበባ ስታዲየም ለመድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ግድ ነበር። በኋላ ቡድኑ ይጫወትበት የነበረው የባሕር ዳር ስታዲየም በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ከታገደ ወዲህ ደግሞ መንገዱ ድንበር ተሻገረ፤ ብሔራዊ ቡድናችን፣ ዋልያዎቹ፣ በ2014 ዓ.ም. ጋናን ያስተናገዱት ጆሃንስበርግ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አስቆጥረው ግብፅን 2 ለ 0 ሲረቱ «ሜዳችን» የተባለው የማላዊዋ ሊሎንግዌ ነበር። ቀጥሎ የሞሮኮዋ ኤል ጀዲዳና ዳሬሰላም መጡ። ግብፅን ያሸነፍንበትን ቀን ያህል ትልቅ ቀን የአገሬው ሕዝብ በቴሌቪዥን ብቻ አየው። ይህ ያንገበግባል።

ጎረቤትን ማየት ይበቃል። በ2003 ዓ.ም. ነፃነቷን ያወጀችው ደቡብ ሱዳን ለዓመታት «የሜዳዋን» ጨዋታ ሰው አገር ስትጫወት ቆይታ፣ ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በታደሰው የጁባ ስታዲየም ሱዳንን አስተናገደች። 3 ለ 0 ተሸንፋለች፤ ሆኖም የተሸነፈችው በገዛ ሕዝቧ ፊት ነው። ኑዌርና አኙዋ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ስለሚኖሩ ጋምቤላ ውስጥ ለዚህ ስሜት ባዕድ የሆነ የለም።

ስለዚህ መንግሥትና የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ስታዲየም ሲያስቡ ከመሠረት ድንጋይ ይልቅ የካፍን መስፈርት ያስቀድሙ፤ መልበሻ ክፍሉ፣ መብራቱና የተመልካቹ ወንበር በወቅቱ ይጠናቀቅ። ቡድኑ ውጭ መጫወቱ የግድ ከሆነ ደግሞ የጨዋታው ቀንና ቦታ ቀደም ብሎ ይነገር፤ በየአገሩ ያለው ኢትዮጵያዊም ትኬት ቆርጦ፣ ማሊያውን ለብሶ ለመድረስ ጊዜ ያግኝ።