ማረም እና መዝራት፦ በክፍያ የሚሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ እርማት ድንበሩ የት ነው?

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ወቅት ሲቃረብ በዩኒቨርሲቲዎች ዙሪያ ያሉ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ከማተምና ከመጠረዝ ባሻገር «የእንግሊዝኛ እርማት እንሠራለን»፣ «በጥናት ጽሑፍ እናማክራለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች በግድግዳ ይለጠፋሉ፤ በቴሌግራም ይሰራጫሉ። አንዳንዱ የሚሸጠው የፊደል ግድፈት ማቃናትን ነው፤ አንዳንዱ ግን ከርእስ መረጣ እስከ መደምደሚያ ያለውን ጽሑፍ በሙሉ ይሸጣል። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ቅን የሆነውን አገልግሎት ከማጭበርበሩ ለመለየት አዳጋች አድርጎታል።

ጉዳዩ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ብቻ የሚቀር ቢመስልም አርሶ አደሩን በሦስት በኩል ይነካዋል። አንደኛ፣ ለልጁ የሚላከው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከተሸጠ እህል ወይም በግ የተገኘ ነው። ሁለተኛ፣ ስለ አሲዳማ አፈር፣ ስለ ኖራ አጠቃቀም ወይም ስለ ወተት ላሞች ጤና ጥናት ሲሠራ ሥራውን አቋርጦ መጠይቁን የሚመልሰው እርሱ ነው። ሦስተኛ፣ ተመራቂው ነገ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ሲመደብ ምክሩን ሰምቶ መሬቱ ላይ የሚሞክረው ይኸው አርሶ አደር ነው።

ተማሪዎች የእርማት አገልግሎት የሚፈልጉበት ምክንያት ሁሉ ስንፍና አይደለም። በአገራችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍም በአብዛኛው የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። በገጠር ትምህርት ቤት ያደገ ተማሪ ስለ አፈርና ስለ ሰብል በአማርኛ አጥርቶ የሚያውቀውን ነገር በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ሰዋስው ሊሰናከልበት ይችላል። ይህን ሰው ቋንቋህን አሳርመህ አቅርብ ማለት ነውር የለበትም። መጽሐፍም ጋዜጣም ከመታተሙ በፊት በአራሚ እጅ ያልፋል።

ድንበሩን ለማየት «ማረም» የሚለው ቃላችን ራሱ ይረዳል። የስንዴ ማሳ በሰኔና በሐምሌ ሲዘራ የሚዘራው ባለቤቱ ነው፤ አረሙ ሲበዛበት ወንፈል ይጠራል ወይም የቀን ሠራተኛ ይቀጥራል። በክፍያ ስለታረመ ስንዴው የእርሱ አይደለም የሚል ሰው የለም። ነገር ግን ሌላ ሰው አርሶ፣ ሌላ ሰው ዘርቶ፣ ሌላ ሰው አጭዶ ምርቱን «በላቤ ያገኘሁት ነው» ብሎ የሚያቀርብ ሰው ውሸታም ይባላል። የጽሑፍ አራሚም እንዲሁ ነው፤ እንክርዳዱን ከስንዴው ይለያል እንጂ ስንዴ አይዘራም።

ይህ ልዩነት የቃላት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ አንድ ምሳሌ ያሳያል። አንድ ጥማድ የሔክታር ሩብ ያህል ሆኖ በሚቆጠርበት አካባቢ አርሶ አደሩ «በጥማድ አምስት ኩንታል ስንዴ አገኘሁ» ቢል በሔክታር 20 ኩንታል ማለቱ ነው። ማሳ አይቶ የማያውቅ አራሚ «ጥማድ» የሚለው ቃል እንግዳ ሆኖበት ሳይጠይቅ «ሔክታር» ብሎ ቢተካው፣ ምርቱ በወረቀት ላይ በአንድ ጊዜ ወደ ሩብ ይወርዳል። ዓረፍተ ነገሩ አምሮ እውነቱ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ሐቀኛ አራሚ ፊደልን፣ ሰዋስውንና ሥርዓተ ነጥብን ያቃናል፤ ቁጥር፣ ሐሳብና መደምደሚያ ሲያጠራጥረው ግን ምልክት አድርጎ ለተማሪው ይመልሳል።

ጥፋቱ የሚጀምረው የተከፈለው እጅ የተማሪውን አእምሮ ሲተካ ነው። መረጃውን በኤስፒኤስኤስ ተንትኖ ውጤቱን የሚጽፍ፣ የሌላ ዩኒቨርሲቲን ጥናት የቦታ ስም ቀይሮ የሚያስረክብ፣ ያልተጠየቀ አርሶ አደር እንደተጠየቀ አድርጎ መጠይቅ የሚሞላ ሰው አራሚ አይደለም። ተማሪው ግን በጽሑፉ መግቢያ ላይ «ይህ የራሴ ሥራ ነው» ብሎ ይፈርማል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ይህን ክፍተት አይሞላውም፤ ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ በመሆኑ ተማሪው መረጃ ሰብስቦ፣ መዝኖ መጻፍ መቻሉን አይለካም።

ሌሎች አገሮች በሕግ የለዩት ይህንኑ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2020፣ እንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ለተማሪ የሚመዘንበትን ሥራ ሠርቶ መሸጥንም ማስተዋወቅንም በሕግ ከልክለዋል። የቋንቋ እርማትን ግን አልከለከሉም፤ በርካታ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች አራሚ ምን መንካት እንደሚችልና ምን እንደማይችል ጽፈው አስቀምጠዋል።

የፍትሕ ጥያቄም አለ። የከተማ ነጋዴ ልጅ ለእርማት የሚከፍለውን የአርሶ አደር ልጅ ላይከፍል ይችላል። ሁለቱ እኩል አስበው የአንዱ ጽሑፍ በቋንቋ ውበት ብቻ ከበለጠ ምዘናው የዳኘው ኪስን ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች እርማቱን ቢያረክሱትም ጥያቄውን አያስቀሩትም፤ እነርሱም ማረምም መዝራትም ይችላሉና።

መፍትሔው አገልግሎቱን በጅምላ ማውገዝ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን እርማት በግልጽ ጽፈው ለተማሪውም ለአራሚውም ሊያሳውቁ ይገባል። ጽሑፍ ያሳረመ ተማሪ ማን ምን እንዳረመለት በምስጋናው ገጽ ላይ ቢጠቅስ አያፍርበትም፤ የሚያፍርበት ከሆነ የተሠራለት እርማት ብቻ አልነበረም። የእንግሊዝኛ መምህራን ባሉበት ተቋም ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ነጻ የቋንቋ ድጋፍ ማዘጋጀትም ከአቅም በላይ አይደለም። አማካሪ መምህራን ደግሞ የመጨረሻውን ጥራዝ ብቻ ሳይሆን የተሞላውን መጠይቅና የመጀመሪያውን ረቂቅ ጭምር ማየት አለባቸው።

ወላጅም ድርሻ አለው። ልጁ «ለጽሑፍ ማሳረሚያ» ብሎ ገንዘብ ሲጠይቅ ከመላኩ በፊት አንድ ነገር ይጠይቀው፦ ምን እንዳጠና፣ ማንን እንደጠየቀ፣ ምን እንዳገኘ በአማርኛ ያስረዳው። አጥርቶ ካስረዳ የጎደለው እንግሊዝኛ ብቻ ነውና ገንዘቡ ቢላክለት አይቆጭም። ማስረዳት ካቃተው ግን የሚጠየቀው ገንዘብ የእርማት ዋጋ አይደለም።