ጠላቱን እንኳ ራሳችን እንምረጥ!

ሰሞኑን አንድ ወዳጃችን ፍላሽ ይዞ መጣ። «አሥር ሺህ ጌም አለበት» አለን ደረቱን ነፍቶ። አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ሰካነው። ባቶሴራ የሚሉት ኢምዩሌተሮችን ያጨቀ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ከፍላሹ ተነስቶ የድሮውን ሴጋ፣ ኔንቲዶና ፕሌይስቴሽን አንድ ላይ ያጫውታል። ወዳጃችን ሲደባደብ አመሸ። እኛ ግን ዓይናችን አንድ ባዶ ፎልደር ላይ ቀረ፤ ስሙ «ኦፕንቦር»።

ይህ ፎልደር የማንም ኮንሶል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲናይል ቲም የተባሉ ሆላንዳውያን በሴጋው «ስትሪትስ ኦፍ ሬጅ» ፍቅር ወድቀው «ቢትስ ኦፍ ሬጅ» የተባለ የድብድብ ጌም ሠርተው በነጻ ለቀቁ። ኋላም ኮዱን ለሕዝብ ሰጡ። ኦፕንቦር የዚያ ልጅ ነው። ሞተር ብቻ ነው እንግዲህ፤ ጌሙን የምታመጡት እናንተ ናችሁ።

ማስነሳቱ ያንገበግባል፤ አንዋሽም። መጀመሪያ ፓኩን፣ ማለትም ጌሙ የታሸገበትን ፋይል፣ ከሴጋዎቹ ጋር ወሸቅነው፤ ዝም። «ሮምስ» ውስጥ «ኦፕንቦር» ወደሚለው ስናዛውረው ዝርዝሩ ላይ ወጣ፤ ስንከፍተው ጥቁር ስክሪን። ለካ ሞተሩ ደጋግሞ ስለታደሰ፣ በድሮው እትም የተሠራ ፓክ በአዲሱ አልነሳም ሊል ይችላል። የሞተሩን እትም ከሴቲንጉ ቀየርነው፤ ተነሳ! ራስበሪ ፓይ ላይ በሬትሮፓይ የምትሞክሩ ደግሞ ፓኩን አስቀድማችሁ መፍታት አለባችሁ። ባዮስ ፍለጋ መንከራተት ግን የለም።

ጸባችን ከጥቁሩ ስክሪን ጋር አይደለም። ጸባችን ከራሳችን ትውልድ ጋር ነው። ፓኩን ፈታችሁ ብታዩት ምሥጢር የለበትም፤ ሥዕል፣ ድምፅና ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። የጀግናው ጉልበት በቁጥር ተጽፏል። ጠላቱም «ታይፕ ኢነሚ» በምትል አንዲት መስመር ይፈጠራል። እስቲ አስቡት! ጠላት ማን እንደሚሆን የሚወስነው ፋይሉን የጻፈው ሰው ነው። ጌም ቤት ብር እየከፈልን ስናድግ ጠላት የመረጡልን ሁሌ ሌሎች ናቸው። አሁን ብዕሩ እጃችን ሲገባ ምን እናደርጋለን? የተዘጋጀ ፓክ ኮፒ! ቢበዛ የሰው ጃኬት አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቀብተን «የኛ» እንላለን። («ቢትስ ኦፍ ሬጅ» ራሱ ሥዕሉን የወሰደው ከ«ኪንግ ኦፍ ፋይተርስ» ነው፤ እሱን እንኳ አትከተሉ።)

«እኛ አገር ጌም አይሠራም» የሚል ካለ፣ ቅኔ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ኩኩሉ» ብሎ ዶሮ አሯሩጧል። «ኢንተርኔት የለም» ለሚለውም፣ ይህ ሞተር ኢንተርኔት አይጠይቅም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ለተቋረጠበት የአማራ ክልል ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። «ላስታ ላይ ያለቀው ወጣት ሳያንስ ደግሞ ድብድብ?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። ላሊበላ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በህወሓት ኃይሎች እጅ ከገባች ወዲህ የላስታ ልጅ የተኩስን ድምፅ በጆሮው ያውቃል። ጠላታችን ዩኒፎርም አይለብስም፣ ብሔርም የለውም የምንለው ለዚህ ነው። የሚያለብሰው ከመጣ ሞተሩ አይከለክለውም፤ እኛ ግን እንጣላዋለን። ደግሞስ ልጁ ዛሬም ስልኩ ላይ ክላሽ አንግቶ የማያውቀውን ሰው ይረሽን የለም? ዝምታችን ከምን አዳነው? በዱላ ከሆነ አገሩ ያውቅበታል፤ በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም።

ታሪክ ጠፋ እንዳይባል፣ ይኸው። እ.ኤ.አ. በ1997 «አፍሮ አይገባ» የተባለው የወርቅ መስቀል ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰረቀ። ቤልጂየም ተገኝቶ በ2001 ተመለሰ። ይህ ለድብድብ ጌም ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እኛ ከዚያ ተነስተን የፈጠራ ታሪክ ጀምረናል። ጠላቶቹ የቅርስ ሌቦችና ደላሎች ናቸው። ጀግናው የብልባላ ልጅ ነው፤ ከብልባላ ገበያ ተነስቶ በእግሩ ወደ ላሊበላ ይገሰግሳል። ልዩ ምቱ ንብ ነው፤ የብልባላ ጊዮርጊስን ግድግዳ ቤታቸው ያደረጉትን ንቦች ያየ ሰው ይገባዋል። ማሩ ፈዋሽ ነው ስለሚባል የጉልበት መሙያውንም አገኘን። ካህናቱ ይቅር ይበሉን።

እስካሁን ልጁ ይራመዳል፣ ዱላ ያነሳል። ገበያው ግን ገና ባዶ ነው፤ የልጁም እግር መሬት አይነካም፣ ከአፈሩ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። ሥዕል የሚችል ካለ ጋቢውን የሚስልልን እንፈልጋለን።