ማጉላት ወይስ ማስፋት?

በዚህ ወር በዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ከአንድ ደብዳቤ የመጣ ነው። ጸሐፊው ደባርቅ የሚኖር የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ወንድማችን ነው። ጅዳ የሚሠሩት አጎቱ አምና ቴሌስኮፕ ይዘውለት መጥተው ነበር። ዘንድሮም ለዒድ አል-ፈጥር ሲመጡ «ለመሣሪያህ የሚያስፈልግህን አንድ ነገር ንገረኝና አመጣልሃለሁ» ብለውታል። እሱም «አንድ ነገር» የተባለውን አጥብቆ ይዞታል። «አጎቴ የሚያገኙት ገንዘብ የቤተሰቡ ሁሉ ነውና ሁለተኛ ላስቸግራቸው አልችልም፤ ተሳስቼ ባስመጣ የማርምበት የለኝም» ይላል። «ካርቶኑ ላይ 525 ጊዜ ያጎላል ተብሎ ተጽፏል፤ እኔ ግን ከጨረቃ በቀር አንድም ነገር አጥርቼ አላየሁበትም። ከዚህ የበለጠ የሚያጎላ ሌንስ ላስመጣ ወይ?»

መልሳችን ባጭሩ «አታስመጣ» ነው። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርገን ልንነግረው ይገባናል፤ ምክንያቱም እኛም በዚሁ ነገር ገንዘብ አውጥተንበታል፣ አፍረንበታልም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሻዕባን 29ኛው ቀን ምሽት ሂላሉን በቴሌስኮፕ ለማየት ከተማሪዎቻችን ጋር ሆነን ከአዲስ ዓለም ሰፈር ተነስተን የምዕራቡ አድማስ ወደሚታይበት አንድ ከፍታ ወጣን። (በቴሌስኮፕ የታየ ሂላል ይያዛል ወይስ አይያዝም የሚለው የዑለማዎቻችን ጉዳይ ነው። እኛ የወጣነው ለትምህርት ነበር።) ብዙ የሚያጎላ ሁሉ የተሻለ ያሳያል ብለን እናምን ነበርና ከሳጥኑ ውስጥ ትንሿን፣ ባለ 4 ሚሊ ሜትሯን ሌንስ መርጠን ገጠምን። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ከጠለቀች በኋላ መፈለግ ጀመርን። ተራ በተራ ጎንበስ እያልን ግራና ቀኝ ብናዞር፣ ከፍ ዝቅ ብናደርግ የምናየው ባዶ ሰማይ ብቻ ሆነ። እንዲህ ስንታገል ወንድሙን ተከትሎ የመጣ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ከኋላችን «ያቻት!» ብሎ ጮኸ። በባዶ ዓይኑ ነው ያያት! እኛ ቴሌስኮፑን ወደዚያ አዙረን አነጣጥረን እስክንጨርስ ሂላሉ ከኮረብታው ጀርባ ገባ። ተማሪዎቹ ለአክብሮት ሲሉ ሳቃቸውን ያዙት እንጂ ምን እንዳሰቡ ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

ጥፋቱ የቴሌስኮፑ አልነበረም። በሌንስ የሚሠራ ቴሌስኮፕ (እንጦጦ ተራራ ላይ እንደተተከሉት እንደ ሁለቱ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች በመስታወት የሚሠራውን ሳይሆን) ሁለት ነገሮች አሉት። አንደኛው ከፊት ያለው ትልቁ ሌንስ ሲሆን ብርሃን ይሰበስባል። ሁለተኛው ዓይናችንን የምናስጠጋባት፣ ተነቅላ የምትለወጠው የዓይን ሌንስ ናት። ማጉላቱን የምትወስነው እሷ ናት። ስሌቱም ቀላል ነው፤ የትልቁን ሌንስ የትኩረት ርቀት በትንሿ የትኩረት ርቀት ማካፈል ብቻ ነው። የወንድማችን ቴሌስኮፕ የፊት ሌንሱ 70 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 700 ሚሊ ሜትር ነው። ከመሣሪያው ጋር የመጡለት ባለ 20 እና ባለ 4 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንሶች፣ እንዲሁም ሦስት እጥፍ የምታጎላ «ባርሎ» የምትባል ተጨማሪ ሌንስ ናቸው። በ20ዋ 35 ጊዜ፣ በ4ቷ 175 ጊዜ ያጎላል። በዚህ ላይ ባርሎዋን ሲጨምሩበት 525 ይሆናል። የካርቶኑ ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው!

ስሌቱ ሐሰት ነው አንልም፤ ጥቅም የለውም እንጂ። አንድ ቴሌስኮፕ በአግባቡ ሊያጎላ የሚችለው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ተለክቶ የዚያን እጥፍ ያህል ነው። ለ70 ሚሊ ሜትር 140 ጊዜ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያው የተሰበሰበው ብርሃን እየሳሳ፣ ምስሉም እየደበዘዘ ይሄዳል፤ በአንድ ማንኪያ ማር አንድ እንስራ ውኃ ለማጣፈጥ እንደመሞከር ነው። ደግሞም ወንድማችን ማጉላት አልጎደለውም። ባለ 20ዋን ከባርሎዋ ጋር ቢገጥም 105 ጊዜ ያገኛል። የሳተርንን ቀለበት ለማየት ይህ ይበቃዋል።

የጎደለው ስፋት ነው። እያንዳንዷ የዓይን ሌንስ እንደ መስኮት የራሷ ስፋት አላት፤ ይህም በዲግሪ ይለካል። ከርካሽ ቴሌስኮፖች ጋር የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ወደ 40 ዲግሪ ገደማ ናቸው። ይህን ቁጥር ለማጉላቱ ስናካፍለው ከሰማይ ላይ በአንድ ጊዜ የምናየውን ያህል ይሰጠናል። ባለ 4 ሚሊ ሜትሯ ላይ 40ን ለ175 ስናካፍል ሩብ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ሙሉ ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ናት። እንግዲህ ያን ዕለት ምሽት ሂላሉን ስንፈልግ የነበረው የጨረቃን ግማሽ በማታሳይ የቁልፍ ቀዳዳ ነበር ማለት ነው። ልጁ ግን በሰፊው በር ቆሞ ነበር የሚያየው!

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። የዓይን ሌንሶች በአሠራራቸው ይለያያሉ። የቪየናው ጌዮርግ ሲሞን ፕሎስል እ.ኤ.አ. በ1860 የሠራው «ፕሎስል» የሚባለው ዓይነት ዛሬም በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጥ ሲሆን 50 ዲግሪ ያህል ስፋት አለው። ከዚያ ሰፋ ያሉት 60 እና 68 ዲግሪ ናቸው። አሜሪካዊው አል ናግለር ደግሞ ለአፖሎ ጠፈርተኞች መለማመጃ ሰፋፊ ሌንሶችን ከነደፈ በኋላ ባለ 82 ዲግሪ ሌንስ ለአማተሮች አቀረበ። በዚያ የሚያይ ሰው የሌንሱ ጠርዝ አይታየውም፤ በመስኮት ራሱን አውጥቶ እንደሚመለከት ይሆናል። ዋጋውም እንዲሁ ነው፤ አንዷ ሌንስ የወንድማችንን ቴሌስኮፕ በሙሉ ልትገዛ ትችላለች። ክብደቷም ቀጭኑን መቆሚያ ያዘነብለዋል። ይህን ለአጎቱ እንዲነግር አንመክረውም።

እኛ የምንመክረው ባለ 32 ሚሊ ሜትር ፕሎስል ነው። 700ን ለ32 ብናካፍል 22 ጊዜ ያህል ያጎላል፤ የሚያሳየው ሰማይ ደግሞ 2.2 ዲግሪ ይሆናል። አራት ጨረቃዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ይገቡበታል። አጎቱ እጃቸው ከፈታ ባለ 24 ሚሊ ሜትር፣ 68 ዲግሪ የሆነችው አለች። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። 24ቷ ከ32ቷ የበለጠ ሰማይ አታሳይም። የምታሳየው ያንኑ 2.2 ዲግሪ አጉልታና የሰማዩን ጀርባ አጥቁራ ነው። ውበቱ የታወቀ ነው፤ ሰማዩን ለማስፋት ግን ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ልኩን የሚወስነው ሌንሷ የምትገባበት ቱቦ ነውና።

በዚህ ቱቦ ጉዳይ ነው እኛ ሁለተኛ የወደቅነው። ያ የሂላሉ ምሽት ካለፈ በኋላ መምህራን አዋጥተን ባለ 32 ሚሊ ሜትር ፕሎስል ከውጭ አስመጣን። ሳጥኑን በደስታ ከፍተን ሌንሷን ወደ ቴሌስኮፑ ስንሰዳት አልገባ አለች! ለካስ የዓይን ሌንስ አንገት ልክ አለው። የዛሬዎቹ በብዛት 31.7 ሚሊ ሜትር (አንድ ኢንች ከሩብ) ናቸው። የእኛ ቴሌስኮፕ አሮጌ ነበርና ቱቦው 24.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። አንድ ማስመሪያ ይዞ መለካት ያቃተን የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ነን እንግዲህ! ጎንደር ቶርኖ ቤት ወስደን አንድ ባለሙያ ማገናኛ ቀለበት ሠራልንና ሌንሷ ገጠመች። ነገር ግን ጠባቡ ቱቦ ዙሪያዋን ስለሚጋርድባት ከ2.2 ዲግሪው የቀረልን 1.7 ያህል ነው። የከፈልንበት ስፋት ሩቡ ያህል ቶርኖ ቤት ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ወንድማችን ሆይ፣ ለአጎትህ ስልክ ከመደወልህ በፊት ቱቦውን በማስመሪያ ለካ።

አጭር ቱቦ ያላቸውን፣ ለምሳሌ 80 ሚሊ ሜትር ሆነው የትኩረት ርቀታቸው 400 የሆኑትን የያዛችሁ አንባቢያን ደግሞ ሌላ ነገር ልብ በሉ። ያው 32 ሚሊ ሜትር ፕሎስል በእናንተ ላይ ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ ሰማይ ያሳያል። ግን ርካሽ ሰፊ ሌንስ ብትገዙ በጠርዙ ያሉት ከዋክብት ክንፍ እንዳወጡ ወፎች ይዘረጋሉ። የወንድማችን ረጅም ቱቦ በዚህ ረገድ ይቅር ባይ ነው፤ ተራ ሌንስም ያምርበታል። መነጽር የምታደርጉ ከሆነም ዓይናችሁን ከሌንሱ 15 ሚሊ ሜትር ያህል አርቃችሁ ሙሉውን ማየት መቻላችሁን አረጋግጡ። ትንንሾቹ ፕሎስሎች ሽፋሽፍት እስኪነኩ ድረስ ያስጠጋሉ፤ 32ቷ ይህ ችግር የለባትም።

ስፋቱ ምን ያሳያል? በዐረብኛ ሱረያ የሚባለው፣ እንደ ወይን ዘለላ የተሰበሰበው የከዋክብት ስብስብ ወደ 2 ዲግሪ ይጠጋል። በካርቶኑ ሌንስ ተቆራርጦ ሲታይ በ32ቷ ግን ሙሉውን ይገባል። በኅዳር ምሽት ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ የሚታየውን የአንድሮሜዳን ጋላክሲ አብዱረሕማን አል-ሱፊ እ.ኤ.አ. በ964 በጻፉት የከዋክብት መጽሐፍ እንደ ትንሽ ደመና መዝግበውታል። ርዝመቱ 3 ዲግሪ ያህል ስለሆነ በ105 ጊዜ ማጉላት የፈለገው ሰው አጠገቡ ቆሞ ያጣዋል። ለሰሜን ጎንደር ደጋ ደግሞ የተለየ ስጦታ አለ። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ አውሮፓውያን አብዛኞቹ በአገራቸው የማያዩት የደቡብ ሰማይ ይታየናል። ሱሀይል በየካቲት ምሽት በደቡብ 25 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። በግንቦት ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው ትልቁ የከዋክብት ክምችት 30 ዲግሪ ይደርሳል። ጎንደር ከተማ ውስጥ ይህን ለማየት መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ ያስፈልጋል (ለዚያስ ብዙም አንጠብቅም!)፤ ደባርቅ ያለ ሰው ግን ከቤቱ ደጃፍ ጋቢውን ደርቦ መውጣት ነው። ብቻ በብርዱ ሌንሷ ላይ እንዳትተነፍሱባት። ከደመነችም በነጠላ ጫፍ አትጥረጓት፤ ኪስ ውስጥ ስትሞቅ ራሷ ትጠራለች።

አንድ ሳንናገር የማናልፈው ነገር አለ። ሂላልን የምትፈልጉ፣ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ ቴሌስኮፕ ወደ ምዕራብ እንዳታዞሩ። ሰፊ ሌንስ ሳይታሰብ ፀሐይን ይይዛልና ዓይን በቅጽበት ይጠፋል። ከአንዳንድ ቴሌስኮፖች ጋር የምትመጣዋን፣ በዓይን ሌንሷ ላይ የምትጠመደውን ጥቁር የፀሐይ መስታወት ጣሏት። በሙቀት ትሰነጠቃለች። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በመካ ሙሉ በሙሉ፣ በእኛ ዘንድ በከፊል የሚታይ የፀሐይ ግርዶሽ አለና ይህ ምክር ያኔም ያስፈልጋል።

ለወንድማችን ይህንኑ ጽፈንለት መልሱ ደርሶናል። ቱቦውን ለክቶ 31.7 ሚሊ ሜትር ሆኖ አግኝቶታል፤ አልሐምዱ ሊላህ። ለአጎቱም 32ቷን ነግሯቸዋል። አንድ ሥራም ሰጥተነዋል። በኦሪዮን መቀነት ላይ ካሉት ከሦስቱ ከዋክብት የሰሜኑ «ሚንጠቃ» ይባላል፤ በዐረብኛ መቀነት ማለት ነው። ቴሌስኮፑን ሳይነኩ ይህ ኮከብ በሌንሱ መካከል አልፎ ከዳር እስከ ዳር ሲሻገር በሰዓት ቢለካ እያንዳንዱ አራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ነው። በአሮጌዋ ባለ 20 ሌንስ ለክቶ አራት ደቂቃ ተኩል አግኝቷል። አዲሲቱ ወደ ዘጠኝ ደቂቃ መድረስ አለባት። ኦሪዮን እስከ ሚያዝያ በምዕራብ ስለሚቆይ ከዒድ በኋላ ለክቶ ሊጽፍልን ቃል ገብቷል።