አምስቱ ወንድማማቾችና የተከፈለው ቤት

የቪዲዮ ጨዋታ የልጆች ማሳለፊያ ነው ብሎ የሚንቅ አንባቢ ቢኖር፥ ዩቢሶፍት የተባለውን የፈረንሳይ ኩባንያ ታሪክ እንዲመለከት እንጋብዘዋለን። ኩባንያውን በ1986 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) በብሬታኝ ያቋቋሙት፥ ለገበሬዎች ዕቃ ከሚያቀርብ የነጋዴ ቤት የተወለዱት አምስቱ የጊየሞ ወንድማማቾች ናቸው። ኮምፒዩተርና ጨዋታ ከእንግሊዝ አገር በርካሽ ገዝቶ መሸጥ እንደሚያዋጣ ስለ ተረዱ፥ በዚያ ንግድ ጀምረው ጨዋታ ወደ መሥራቱ ገቡ። በ1997 በሞንትሪያል የከፈቱት ክፍልም፥ የኬቤክ መንግሥት የሠራተኞቹን ደመወዝ ስለ ደጐመ፥ እጅግ ታላቅ ሆነ። መንግሥት ለጨዋታ ገንዘብ ያወጣልን? የሚሉን አይጠፉም፤ ያወጣው ግን ለወጣቶቹ ሥራ ነው።

ከ2015 ጀምሮ ቪቫንዲ የተባለ ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ አክሲዮኑን እየገዛ ከሩብ በላይ ሲይዝ፥ ወንድማማቾቹ ቤታችንን አናስነካም ብለው በብርቱ ተከላከሉ። በ2018 ቪቫንዲ ድርሻውን ሽጦ ሲወጣ፥ ከገዢዎቹ አንዱ የቻይናው ቴንሰንት ነበር፤ የያዘውም አምስት በመቶ ያህል ብቻ ስለ ነበረ የሚያሰጋ አልመሰለም።

በ2025 ግን ገበያው የከበደው ዩቢሶፍት ዋና ዋናዎቹን ጨዋታዎች፥ አሳሲንስ ክሪድን፣ ፋር ክራይንና ሬይንቦው ሲክስን፥ ቫንቴጅ ስቱዲዮስ ለተባለ አዲስ ክፍል ለይቶ ሰጠ። ቴንሰንትም 1.16 ቢሊዮን ዩሮ አውጥቶ የዚህ ክፍል የሩብ ያህል ባለድርሻ ሆነ። ከክፍሉ ሁለት መሪዎች አንዱ የኩባንያው ሊቀ መንበር የኢቭ ጊየሞ ልጅ ስለሆነ፥ ቤተ ሰቡ ቤቱን አልለቀቀም ማለት ይቻላል። እኛን የሚያሳስበን፥ ምርጡ እህል ተለይቶ በሌላ ጎተራ ከገባ በኋላ በቀሩት ክፍሎች የሚሠሩት ሰዎች ጉዳይ ነው። በጥር 2026 ኩባንያው በአምስት ክፍሎች እንደገና እንደሚደራጅ ሲያስታውቅ፥ በመሠራት ላይ የነበሩ ስድስት ጨዋታዎችን በዚያው ዕለት ሰርዟል።