ፍጻሜው ለምን እንዲህ ሆነ ለሚሉ ሰዎች የተሰጠ መልስ

ታሪክ የሚጀምር ሰው ብዙ ነው፤ ጀምሮም አሳምሮ የሚፈጽም ጥቂት ነው፤ የሰማውን ታሪክ ፍጻሜ በትዕግሥት የሚቀበል ሰሚ ግን ከሁሉ ይልቅ ጥቂት ነው። በዚህ ዘመን ሰሚው በተራኪው ላይ ዳኛ ሆኖ ተቀምጧል። ታሪኩ እርሱ እንደ ወደደው ያላለቀ እንደ ሆነ፥ ተመልሶ ይሠራ ብሎ አቤቱታ ያቀርባል። ይህ ልማድ ከባሕር ማዶ የተነሣ ቢሆንም፥ በደሴም በአዲስ አበባም ባሉት የተማሩ ወጣቶች ዘንድ ገብቷልና ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

ነገሩም እንዲህ ነው። ጆን ቶልኪን የተባለ እንግሊዛዊ የቋንቋ ሊቅ ስለ አንድ ክፉ ቀለበት ረዥም ታሪክ ጽፎ፥ የመጨረሻውን ክፍል በፈረንጅ አቈጣጠር በ1955 ዓ.ም. አሳተመ። ፒተር ጃክሰን የተባለ የኒውዚላንድ ሰው ይህን ታሪክ በ3 ፊልም ከፍሎ ሠራው፤ የመጨረሻውም «የንጉሡ መመለስ» ተብሎ በ2003 ወጣ። ርዝመቱ ከ3 ሰዓት ያልፋል፤ በማግሥቱም ዓመት 11 የኦስካር ሽልማት ተቀበለ። እንዲህ ያለ ክብር ያገኘው ፊልም ግን ከወዳጆቹ ጉርምርምታ አላመለጠም።

ወዳጆቹም እርስ በርሳቸው ተለያዩ። አንደኛው ወገን፥ «ክፉው ቀለበት በእሳት ከጠፋ በኋላ ታሪኩ አለቀ ስንል ይቀጥላል፤ ደግሞ አለቀ ስንል ይቀጥላል፤ ፍጻሜው በዛ» አለ። መጽሐፉን ያነበበው ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ «ፍጻሜው ጐደለ፤ መንገደኞቹ ወደ መንደራቸው ተመልሰው በክፉዎች ተበዝብዛ ያገኙበትና ያጸዱበት ምዕራፍ ለምን ቀረ?» አለ። ሦስተኛው ወገን፥ ክሪስቶፈር ሊ የተባለው ተዋናይ እንደ ጠንቋዩ ሳሩማን ሆኖ የተጫወተው ክፍል ከፊልሙ ስለ ተቈረጠ ተቈጣ፤ ይህም ክፍል በ2004 በወጣው ከ4 ሰዓት በሚበልጠው ፊልም ላይ ተመለሰ። ለአንዱ የበዛው ለሌላው ጐደለ፤ ሁሉም ግን «እኛ እንደ ወደድነው አልሆነም» በማለት ተስማሙ።

ከዚህ የባሰው በ2019 መጣ። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለው የዙፋን ጦርነት ታሪክ በቴሌቪዥን 8ኛውን ክፍል ሲፈጽም፥ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ተመልካቾች «የመጨረሻው ክፍል በሌሎች ጸሓፊዎች እንደ ገና ይሠራ» በሚለው አቤቱታ ላይ ፈረሙ። ለድሀ አደግና ለተራበ ያን ያህል ፊርማ መሰብሰብ ብርቱ ድካም ነው፤ ለተረት ፍጻሜ ግን በጥቂት ቀን ተሰበሰበ።

በዚህ ጊዜ ከካህናት ወገን የሆኑ አንዳንዶች፥ «ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ፊልም ምን አገባን? የቀድሞ ሰዎች የመጀመሪያውን የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ሰይጣን ቤት ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም» ብለው ነገሩን ይዘጋሉ። ይህ መልስ ለተናገረው ሰው ዕረፍት ይሰጠዋል፤ ለወጣቱ ግን መልስ አይሆነውም። ነገሩም እንደሚመስላቸው ከእኛ የራቀ አይደለም። ስለ ተራራና ስለ ንጉሥ ልጅ የሚተረከው የፈረንጆች ተረት አንዱ መነሻ በአምባሰል ያለችው ግሸን ናትና።

ግሸን፥ ካህናት እንደሚያውቁት፥ ዙሪያዋ ገደል የሆነ፥ በጠባብ በር የሚገባባት፥ ቅርጿ መስቀል የሚመስል አምባ ናት። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ልጆችና ወንድሞች መንግሥቱን በጦርነት እንዳይከፍሉት በዚህች አምባ ይጠበቁ ነበር። ከእነርሱ መካከል ዘውድ የሚደርሰው ሲጠራ ይወርዳል፤ ያልተጠራው ዕድሜውን በዚያው ይፈጽማል። ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ ተቀምጦ ስለዚህ የመሳፍንት እስር የሰማውን ጻፈ። መጽሐፉም በ1540 ታተመ፤ በዚያው ዓመት አምባዋ በኢማም አሕመድ ሠራዊት እጅ ወደቀች።

ከዚያ በኋላ ተረቱ ከታሪኩ ተለየ። ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ የስፔን መነኵሴ፥ ኢትዮጵያን ሳይረግጥ፥ በ1610 ባሳተመው መጽሐፍ አምባዋን ምድራዊት ገነት አድርጎ ሣላት። በኢትዮጵያ ኖሮ በኢትዮጵያ የሞተው ፔድሮ ፓኤዝ ይህን የኡሬታን ሐሰት ለማፍረስ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ፤ ዳሩ ግን እውነቱ በእጅ ጽሑፍ ተቀምጦ ሲቀር፥ ተረቱ ከአገር ወደ አገር ሮጠ። ጆን ሚልተን በ1667 ስለ ጠፋችው ገነት በጻፈው ቅኔ ውስጥ የአማራን ተራራ ስም አነሣ። ሳሙኤል ጆንሰንም በ1759 ስለ ኢትዮጵያዊው ልዑል ራሴላስ ሲጽፍ፥ የመሳፍንቱን እስር በአማራ ምድር ባለ የደስታ ሸለቆ መሰለው። ሲራክ ኅሩይ ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መልሶታልና የሀገራችን አንባቢ ያውቀዋል።

እንግዲህ የራሴላስን ፍጻሜ ይመለከቷል። ልዑሉ ተድላው ሰልችቶት ከሸለቆው ወጣ፤ ደስተኛ ሰው ፍለጋ እስከ ካይሮ ሄደ፤ ገዢውንም ባሕታዊውንም ፈላስፋውንም መረመረ። በመጨረሻ የዓባይ ሙላት ከቤት አስቀርቷቸው ሳለ፥ እርሱና ጓደኞቹ እያንዳንዳቸው ምኞታቸውን ተናገሩ፤ የተመኙትም እንደማይሆንላቸው ዐውቀው፥ ውሃው ሲጐድል ወደ ሀገራቸው ሊመለሱ ቈረጡ። በዚህ አለቀ። ጆንሰን ራሱ በመጨረሻው ምዕራፍ አርእስት ላይ ምንም ነገር እንዳልተፈጸመ ሳይሸሽግ አስታወቀ። እናቱ በሞተችበት ወራት የቀብሯን ወጪ ለመክፈል የጻፈው መጽሐፍ ነውና፥ ሐዘንተኛው ደራሲ ለአንባቢው የሐሰት ደስታ ሊሸጥለት አልወደደም።

አንባቢ ግን ያን ጊዜም አንባቢ ነበረ። ኤሊስ ኮርኔሊያ ናይት የተባለች እንግሊዛዊት፥ ጆንሰን ከሞተ በኋላ፥ በ1790 «ዲናርባስ» የተባለ ተከታይ መጽሐፍ አውጥታ ልዑሉን በጋብቻና በደስታ አሳረፈችው። ይሁን እንጂ ይህች ሴት ዛሬ ከሚፈርሙት ትሻላለች፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሌላው ይሥራልኝ አላለችም፤ ራሷ ብዕር አንሥታ ደከመች እንጂ። ቢሆንም የጆንሰን መጽሐፍ ሲነበብ ይኖራል፤ የእርስዋን የሚያነብ ጥቂት ነው። ሰሚን ደስ ለማሰኘት ብቻ የተሰፋ ፍጻሜ ዕድሜው አጭር ነውና።

ምናልባት አንድ ሰው፥ «ተራኪውም ሰው ነው፤ ሰውም ይሳሳታል፤ ስሕተቱን መናገር ስለ ምን ነውር ይሆናል?» ይል ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። ነቀፋና ጉርምርምታ ግን አንድ አይደሉም። በዋድላም ሆነ በጎንጅ፥ በቅኔ ጉባኤ ተማሪ ቅኔውን ሲነግር፥ ጉባኤ ቃና ቢሆን በ2 ቤት፥ መወድስ ቢሆን በ8 ቤት ይፈጽማል። መምህሩ የመጨረሻውን ቤት ሰምቶ፥ «ሰሙ ወርቁን አልተሸከመውም» ወይም «ቤቱ አልመታም» ቢለው፥ የነቀፈው በቅኔው ሕግ ነው። ከጉባኤው ዳር የተቀመጠ ሰው ግን፥ «ለቅሶ ስለማልወድ ይህን የሙሾ ቅኔ ወደ ሠርግ ቅኔ መልስልኝ» ቢል፥ ሰው ሁሉ ይሥቅበታል። ፍጻሜው ከመጀመሪያው ጋር የማይስማማ ነው የሚል ሰው ያስረዳ፤ ይደመጣል። ፍጻሜው ከእኔ ምኞት ጋር አልተስማማም የሚል ግን ስለ ራሱ ተናገረ እንጂ ስለ ታሪኩ አልተናገረም።

በዚህም ሚዛን ቢመዘን፥ «ፍጻሜው በዛ» የተባለው የቀለበቱ ታሪክ የተነቀፈው ያለ አገባብ ነው። ቀለበቱን የተሸከመው ፍሮዶ በመጨረሻው ሰዓት ራሱ ድል ተነሥቶ ቀለበቱን ለራሱ ሊያደርግ ወደደ፤ የዳነውም በራሱ ብርታት አይደለም፤ አስቀድሞ በተራራለት በዚያ ጐስቋላ ምክንያት ነው። ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላም ቍስሉ አልሻረለትም፤ ጓደኛው አግብቶ ልጆች ሲወልድ፥ እርሱ በመርከብ ተሳፍሮ ሄደ። ይህን የሚያህል ሸክም የተሸከመ ሰው በአንድ ጭብጨባ ወደ ቤቱ ሊገባ በውኑ ይቻላልን? በሲኒማው ቤት ሰዓቱን እየተመለከተ የተቍነጠነጠው ሰው ሊያይ የመጣው ድሉን ብቻ ነበር፤ የድሉን ዋጋ ሲያሳዩት ደከመው።

ይህ ነገር በግሸን የታወቀ ነው። በመጽሐፈ ጤፉትና በአባቶች ትውፊት እንደሚነገረው፥ ግማደ መስቀሉን ከግብጽ ያስመጡት ዐፄ ዳዊት ናቸው፤ ነገር ግን ሳያደርሱት በመንገድ ዐረፉ። ከዘመናት በኋላ ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተቀበሉት። መስቀሉን በመስቀል ላይ ያኖሩት ዘንድ በራእይ ስለ ታዘዙም፥ ያን ስፍራ 3 ዓመት ሲፈልጉ ቈይተው መስቀል የምትመስለውን አምባ አገኙ። ዘርዐ ያዕቆብም ከመንገሣቸው አስቀድሞ ከመሳፍንቱ ጋር በእስር የኖሩ ሰው ነበሩ። እንግዲህ የጀመረው ፍጻሜውን አላየም፤ የፈጸመውም አስቀድሞ እስረኛ ነበረ። በዚያች አምባ ሳይጠሩ ያረጁትና የሞቱት መሳፍንት ደግሞ ስማቸው እንኳ የማይታወቅ ብዙዎች ናቸው። ለእነርሱ ፍጻሜው ይለወጥላቸው ብሎ የፈረመ የለም። ኡሬታ ገነት ያላት፥ ጆንሰን የደስታ ሸለቆ ያላት ስፍራ በእውነት ይህች ናት፤ የክብሯም ምክንያት ተድላዋ አይደለም፤ መስቀሉ ነው እንጂ።

ዳሩ ግን የዚህ ጽሑፍ ወቀሳ በወጣቱ ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እልፍ አእላፍ ሕዝብ ወደ ግሸን ይወጣል። ከእነርሱ አንድ እንኳ የታሪኩን ፍጻሜ ሳያውቅ የሚወጣ የለም፤ ዐውቆ ይወጣል፤ ዐውቆም ያለቅሳል። ስንክሳሩም በየዕለቱ ሲነበብ፥ ሰማዕቱ አንገቱን እንደሚቈረጥ ሁሉ ያውቃል፤ «ይህስ ፍጻሜ አሳዘነን፥ ይለወጥ» ያለ ምእመን ግን አልተሰማም። ይህ ሕዝብ ፍጻሜን መስማት የሚችል ሕዝብ ነው። ታዲያ ልጁ የተረቱን ፍጻሜ መታገሥ ያቃተው ስለ ምንድር ነው? እውነተኛውን ታሪክ በሙላት የሚነግረው ስላጣ አይደለምን? ወጣቱ ያን አቀበት ሲወጣ፥ ከመሪዎቹ አንዱ ታሪኩን አሳጥሮ በሩጫ ይነግረዋል፤ ሌላው ደስ የሚለውን ጭማሪ ከራሱ ይቀጥልበታል፤ ሦስተኛው ቢጠየቅ ይቈጣል። ሰሚን ለማስደሰት በቅዱስ ታሪክ ላይ ጅራት የሚቀጥል ካህን፥ ተረቱ እንዲለወጥለት ከሚፈርመው ወጣት በምን ይሻላል? ወጣቱ በተረት አጠፋ፤ እርሱ ግን በአደራ ዕቃ አጠፋ።

ደግሞም የወጣቱን ምኞት ፈጽሞ መናቅ አይገባም። ሰው መልካም ፍጻሜን የሚናፍቅ ሆኖ ተፈጥሯል። ቶልኪን ራሱ በ1947 በታተመው ስለ ተረት በሚናገር ጽሑፉ፥ ከጥፋት አፋፍ ላይ በድንገት የሚመጣው የተረት ደስታ በወንጌሉ ታሪክ እውነት ሆኖ መገለጡን፥ የክርስቶስም ትንሣኤ የዚህ ደስታ ፍጻሜ መሆኑን አስረድቷል። ልብ ይባል፤ ያ ደስታ የመጣው ከመስቀል በኋላ ነው። ደቀ መዛሙርቱ በዕለተ ዓርብ አቤቱታ ጽፈው ፍጻሜውን እንዲያስለውጡ ቢፈቀድላቸው ኖሮ፥ መስቀሉን ባስቀሩት ነበር፤ መስቀሉም ቢቀር ትንሣኤው በቀረ ነበር።

ስለዚህ ለሁለቱም ወገን አንድ ነገር ይነገራል። ወጣቱ ተረቱን ይመልከት፤ ቢያስከፋውም ይንቀፍ፤ ነገር ግን «አልወደድሁትም» ከማለቱ በፊት «እውነት ነውን?» ብሎ ይጠይቅ። ካህኑም ሲኒማውን ሰይጣን ቤት ብሎ ከመራገሙ በፊት፥ ወደ ግሸን የሚወጣውን ልጅ ከአቀበቱ ሥር ጠብቆ፥ ከዐፄ ዳዊት ሞት ጀምሮ እስከ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ድካም፥ እስከ ስም የለሾቹም የመሳፍንት መቃብር ድረስ፥ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይንገረው። እንዲህ የተነገረው ልጅ ከአምባው ሲወርድ ፍጻሜን መፍራት ይተዋል። እንዲህ ካልተነገረው ግን ታሪኩን ከሌላ ይሰማል፤ ሌላውም የአምባችንን እስር ቤት የደስታ ሸለቆ ነው ብሎ ይነግረዋል።